ቱቦ ሲመረጥ

የድሮው ምሰሶ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤
ሁለት ክረምት ቻለ፤ ሦስተኛው አጎበጠው።
አሥር ሰዓት ሲሆን የጣና ንፋሱ
ሲነሣ፣ ዲሻችን ይዞርበት ነበር ራሱ፤
ዜና አንባቢዋም ከነአፏ ደርቃ፣
ፊቷ በካሬ በካሬ ተፈርክሳ ወድቃ፣
ቃሏ ሳያልቅ እንዲሁ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤
እናቴ፣ «ይቺ ልጅ ዛሬም ሳትነግረን ተኛች» ትላለች።

ጥሩሰው ተጠራ፣ ዲሽ የሚያስተካክለው፤
ምሰሶውን ይዞ ሁለቴ ነቀነቀው።
«ሳተላይቱ እንደሆን ቆሟል፤ የራደው እግራችሁ፤
ብረት ግዙ፣ ወፍራም፤ ሦስት ሜትር ተኩል ይሁንላችሁ።»

ካቦርቱን ደርቦ አባቴ ቀድሞኝ ወጣ፤
«ብሩን አንቺ ያዢ፤ ምርጫው ለእኔ ይምጣ።»

ኑሩ ብረት ቤት፣ ከበሩ ጥግ፣ ቱቦው
እንደ ሸንኮራ ተደግፎ ቆሞ ነው።
ሻጩ ልጅ ቀጭኑን አነሣ፦ «ቀለሙ አይለቅም፤
ቴሌቪዥን ደግሞ የእግሩን አይጠይቅም።»

አባቴ አልመለሰም።
በጣቱ አንጓ መታው፤ ጆሮውን ጣለበት።

አርባ ዓመት በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ
ከዘጌ ባሕር ዳር የተመላለሰ ሰው ነው።
መቅዘፊያ የሚመርጥ በዓይኑ አልነበረም፤
«ሐይቅ መሃል የሚሰበር ዘንግ» ይለኝ ነበር ሁልጊዜም፣
«አስቀድሞ በድምፁ ነው የሚዋሽሽ።»

አንደኛው እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ።
«ለፍላፊ ነው።» ወደ ጥግ ገፋው።
ሁለተኛው ወፍራም፣ ግርማው ጥሩ ነበር፤
ሲመታ ግን ድምፁ ታፈነ ከደረቱ በር።
«ከውስጥ ታሟል» ሲል፣ ሻጩ ሳቀ፣ ወሬ
መስሎት፤ አጋድሞ ቢያራግፈው፣ የዝገት በርበሬ
ጫማው ላይ ረገፈ።

ሦስተኛው ከሸራ ሥር ነበር፣ ማንም ያልጠየቀው፣
የወለቀ የውኃ ቧንቧ፣ ባለ ሁለት ኢንች፣ አንገቱን ጭቃ ያነቀው።
መታው።
ድምፁ ሄደ፤ ሄደ፤ ሩቅ ሄዶ አለቀ።
እስኪያልቅ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።
«ይሄ ነው።»
«እሱ እኮ ያገለገለ ነው፣ አባባ፤ አዲስ እያለ!»
«እኔስ? እኔም ያገለገልሁ ነኝ» አለ።

ኑሩ ከውስጥ ሰምቶ ሦስት መቶ ብር ጨመረ፤
ተሟገትን፣ ተማማልን፣ በመቶው ቀረ።

ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል አስረን በባጃጅ ስንመለስ
ቧንቧው ከኋላችን በሜትር ወጥቶ ነበር፤
ትራፊኩ አየን፤ አየንና ፊቱን ወደ ዘንባባው አዞረ።

እስከ ጉልበቴ ቆፈርን። ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ።
ጥሩሰው የውኃ ልኩን ረስቶ ኪሱን ሲዳብስ፣
አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣
ብረቱን ከሐይቁ ጠርዝ ጋር አስተያየ።
«ወደ ቀኝ፣ ትንሽ። ቆይ። በቃ።
ጣና አያጋድልም።»
አፉንም በነጠላ ጫማ ጎማ ወተፈው፦
«ዝናብ ከገባበት ከውስጥ ነው የሚጨርሰው።»

በአራተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት፣ ንፋሱ ደረሰ፤
የጎረቤት ቆርቆሮ ጮኸ፤ ፓፓያው ጎነበሰ።
ዜና አንባቢዋ ግን ቃሏን እስከ ነጥቡ አደረሰች፤
እናቴ አጨበጨበች።
«ምን አለች?» ብላት፣
«እንጃ፤ ብቻ ጨረሰች።»

አባቴን ልጠራ ወጣሁ።
አንድ እጁ ብረቱ ላይ ነው፤ እግሮቹ ተራርቀው፣
ጉልበቱ ላላ ብሎ፣ ታንኳ ላይ እንደሚቆም ሰው።
«ናና እይ እንጂ፣ ሥዕሉ እኮ አልተንቀሳቀሰም!»

«ሰማሁት» አለኝ። ዘወር አላለም።